ስለ ሊንከን ኮንቲኔንታል ኮንቨርቲብል (1961–67) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ያቺ አድሰን የጨረስናት የ64 ሞዴል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሊንከን ኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና፣ ብዙ ጥያቄ ስላስነሳች እዚሁ ልመልስ ብያለሁ። ሥራዬ የድሮ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ማደስ ነው፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሽቦና ከሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ጋር ነው የምታገለው። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ፣ እንደ መኪናው ሁኔታ ሰማይና ምድር ነው።

ጥያቄ፦ ከዛ ዘመን ካዲላክ ምን ይለየዋል? ሰው ለምን እንዲህ ያብድለታል?

የ59 ካዲላክን አስቡት፣ ያ ሁሉ ክንፍ፣ ያ ሁሉ ኒኬል። ሊንከንም ራሱ ከ58 እስከ 60 የሠራው መርከብ የሚያህል ነገር ነበር፣ ባለቤቱን ፎርድን ያከሰረ። ከዛ ኤልዉድ ኤንግል የሚባለው ዲዛይነር ለ61 የፎርድ ተንደርበርድ መኪና ብሎ የሠራውን ሞዴል ማክናማራ (በኋላ የኬኔዲ መከላከያ ሚኒስትር የሆነው፣ ያኔ ፎርድ ውስጥ ይሠራ ነበር) አየውና ይሄ ሊንከን ይሁን፣ አራት በር ይኑረው አለ። የወጣው መኪና ከ60ው በ37 ሴንቲ ገደማ ያጠረ፣ ጎኑ ልሙጥ፣ ምንም የማይጮህበት ነው። ደሞ አራት በር ያለው ኮንቨርቲብል ነው፣ ከ67 በኋላ ትልልቆቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች እንዲህ አይነት ሰዳን ደግመው አልሠሩም።

ጥያቄ፦ የኋላ በሩ በተቃራኒ የሚከፈተው ለውበት ነው?

መጀመሪያ ለውበት አልነበረም። መኪናው ሲያጥር የኋላው መግቢያ ጠበበ፣ ሲሞክሩት ከኋላ የሚወርደው ሰው እግሩ በሩን እየመታ አስቸገረ ይባላል፣ ስለዚህ ማጠፊያውን ወደ ኋላ አዞሩት። ኮንቨርቲብሉ ላይ ደሞ የኋላ በር ስትከፍት መስታወቱ በራሱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ዓምድ ስለሌለ ካልወረደ ከፊተኛው መስታወት የላስቲክ ማሸጊያ ጋር ይጋጫል። ያ ነገር ካልሠራ በሩን በኃይል አትክፈቱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የጣሪያውን ነገር ግልጽ አድርግልኝ እስኪ፣ ሁሉም ሰው ያስፈራራኛል።

የሚያስፈራሩህ ሰዎች ግማሹን ልክ ናቸው። ፎርድ ከ57 እስከ 59 በሠራው ስካይላይነር ላይ ብረቱን ጣሪያ በሞተር የሚያጥፍ ሲስተም ነበረው፣ ያንን እውቀት ነው እዚህ ለሸራው ያመጡት። አንድ ማብሪያ ይዘህ ትጫናለህ፣ መጀመሪያ የኋላው ኮፈን መቆለፊያ ብሎኖች በትንንሽ ሞተር ይፈታሉ፣ ከዛ ሃይድሮሊኩ (በዘይት ግፊት የሚሠራው) ኮፈኑን ወደ ኋላ ይከፍተዋል (ማጠፊያው ከኋላ ነው፣ እንደሌላ መኪና አይደለም)፣ ከዛ የፊት መስታወቱ ላይ የያዘው መቆለፊያ ይፈታል፣ ጣሪያው ተነስቶ ታጥፎ የሻንጣው ቦታ ውስጥ ይተኛል፣ ኮፈኑ ይዘጋል ይቆለፋል። ሲያልቅ ጣሪያ የሚባል ነገር ከነሽፋኑ አይታይም፣ ለዛ ነው የሚያምረው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ይሄ ሁሉ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ አንድ ማብሪያ ይነካል፣ እሱ ለሚቀጥለው ሪሌይ ተራህ ነው ይለዋል። ስለዚህ መሃል ላይ ቢቆም "ጣሪያው ተበላሸ" አይባልም፣ የትኛው ደረጃ ላይ ነው የቆመው ነው ጥያቄው። እኔ ሁሌም ከባትሪው ነው የምጀምረው፣ ቮልቱ ሲወርድ ሪሌይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ቀጥሎ የመሬት ሽቦዎች (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰሩት)፣ ዝገት ያዛቸው ወይ፣ ከዛ በኋላ ነው የቆመበት ደረጃ ማብሪያ። ብዙ ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሽቦ ነው ችግሩ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ሰዎች የሚሠሩት ትልቁ ጥፋት ግን ሽቦ ቀጥለው ሪሌዩን በግድ ማስነሳት ነው፣ ያኔ ተራ የሚባል ነገር ይጠፋል፣ ኮፈኑ ሳይከፈት ጣሪያው ይመጣል፣ ላሜራ ይታጠፋል፣ ከዛ ባትላሜራ ፍለጋ ነው። የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ ይዞ አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ መለኪያ የሚለካ ሰው ካገኘህ አትፍራ። ሞተሩን አስነስተህ ነው ደሞ ጣሪያውን ማንቀሳቀስ ያለብህ፣ ፓምፑ ባትሪ ይጠጣል።

ጥያቄ፦ ልገዛ አስቤ ነበር፣ ምን ልይ፣ እህትህ ነኝ ምከረኝ።

ቀለም አትግዢ እህቴ፣ ወለል ግዢ። ይሄ መኪና ሻሲ ለብቻው የለውም፣ አካሉ ራሱ ነው የሚሸከመው፣ ኮንቨርቲብሉ ከ2,300 ኪሎ በላይ ነው፣ ስለዚህ የበሩ ስር ያለው ላሜራ ከበሰበሰ መኪናው መሃሉ ላይ ይለምጣል። ክርክ ላይ አንሺውና አራቱንም በር ክፈቺ ዝጊ፣ ከተጋጩ ተይው። ማግኔት ይዘሽ ሂጂ፣ ስቱኮ የተሞላበት ላይ አይጣበቅም። አራቱ ጥግ ላይ ንዝረት የሚውጡ ከባድ ሲሊንደሮችም አሉ፣ አንዳንዱ አዳሽ ክብደት ልቀንስ ብሎ ያወጣቸዋል፣ መኖራቸውን ጠይቂ፣ ያለነሱ መኪናው መንገድ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ አያሳስብሽ፣ እሱ ጠንካራ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጃንሆይ አሜሪካ ሲመጡ ከኬኔዲ ጋር የሄዱበት ይሄ ነው የሚሉት እውነት ነው?

አዎ ጋሼ፣ ዘሩ ይሄ ነው። በ1963 ኦክቶበር 1 ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን በባቡር ሲገቡ ኬኔዲ ተቀብሏቸው በፕሬዝዳንቱ ክፍት ሊንከን ከተማውን አብረው ሄደዋል፣ ፎቶው ኬኔዲ ላይብረሪ አለ፣ ይመልከቱት። የፕሬዝዳንቱ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ አልነበረም፣ ሲንሲናቲ ያለው ሄስ ኤንድ አይዘንሃርት ነው ያስረዘመው። ሁለት ወር ሳይሞላ ደሞ ዳላስ ላይ የሆነው ሆነ፣ ኬኔዲ እዛው መኪና ላይ እያለ ተገደለ። መኪናው ግን አልተጣለም፣ ጥይት የማይበሳው ተደርጎ፣ ጣሪያው ቋሚ ተደርጎ እስከ 1977 አገልግሏል፣ አሁን ዲርቦርን ሚሺጋን ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆሟል። ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፣ እኔንም።

ጥያቄ፦ ነዳጅስ?

ሃሃሃ። በሊትር 4 ኪሎሜትር ገደማ፣ 7 ሊትር ቪ8 ነው ምን ትጠብቃለህ።

ጥያቄ፦ የትኛው ዓመት ይሻላል?

መልኩን ከሆነ 61 እስከ 63፣ የጎኑ መስታወት ጎበጥ ያለ ነው። ለቤተሰብ ከሆነ ከ64 ጀምሮ ያለው፣ በ3 ኢንች ስለረዘመ ከኋላ እግር ይዘረጋል። ለመንዳት የምትፈልጉ ግን 65 እና ከዛ በኋላ፣ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው። ከዛ በፊት አራቱም ታምቡር ነው፣ ይሄን ክብደት ቁልቁለት ላይ በታምቡር ማቆም ላብ ያስጠምቃል። የዝናብ መጥረጊያው ደሞ በኤሌክትሪክ አይደለም፣ ከመሪው ሃይድሮሊክ ነው ጉልበት የሚወስደው፣ ድምፅ የለውም፣ የሚያስጠላው ማፍሰሱ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ልወስደው ብፈልግስ?

ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጉምሩክን ጠይቅ፣ መኪናውን ከገዛህ በኋላ ሳይሆን።

ጥያቄ፦ ለሰርግ ባከራየውስ? እዚህ ዲሲ አካባቢ ሰርግ አይጠፋም።

መኪናው ለሰርግ የተፈጠረ ነው፣ በሩ በተቃራኒ ሲከፈት ሙሽሪት ከነቬሎዋ ሳትጎነበስ ትወርዳለች። ችግሩ ታርጋው ላይ ነው። ቨርጂኒያ ከ25 ዓመት በላይ ለሆነ መኪና የሚሰጠው አንቲክ ታርጋ ለሰልፍ፣ ለኤግዚቢሽን፣ ከቤትህ እስከ 250 ማይል ለመዝናናት ነው፣ ሥራ ለመመላለስ እንኳን አይሆንም። ለኪራይ ከሆነ መደበኛ ታርጋና የንግድ ኢንሹራንስ ያስፈልግሃል፣ ኢንሹራንሱ ደሞ ከጠበቅከው ስለሚበልጥ ሒሳቡን አስቀድመህ ሥራ።