መልስ፦ ሁለት ልጆች የሚተኙበት ጠባብ ክፍል

እህቴ፣ የኮንዶሚኒየሙ መኝታ ክፍል «ባስተካክለውም በሳምንቱ ይዝረከረካል» ላልሽው፣ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ዕቃው ከማስቀመጫው በልጧል። መደርደሪያ ከመግዛትሽ በፊት ቀንሺ።

መጀመሪያ ልብሱን ብቻ አልጋ ላይ አውጪው። ሁሉንም ባንዴ ካወጣሽ ሳትጨርሺ ይመሻል፣ ልጆቹም የሚተኙበት ያጣሉ። ለታላቁ የጠበበውን ለታናሹ በካርቶን አስቀምጪ፤ የማይሆነው ግን የዚያኑ ዕለት ከቤት ይውጣ። በር ሥር የከረመ ፌስታል ተመልሶ ይፈታል።

መጫወቻውን በዓይነት ለይተሽ በትንንሽ፣ ዝቅ ባሉ፣ ክዳን በሌላቸው ሳፋዎች አድርጊ፤ 10 ሊትር ይበቃል። ከትልቅ ሳጥን ልጁ አንዲት መኪና ፈልጎ ሁሉንም ይደፋዋል። ማንበብ ለማይችለው ሥዕል ለጥፊለት። ግማሹን አልጋ ሥር ሰውረሽ በየ3 ሳምንቱ ቀያይሪ። ቁም ሳጥን አናት ላይ ግን አይሁን፣ ሊያወርዱ ይንጠላጠላሉ።

አደራሽን፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አሳስሪው፤ ልጅ መሳቢያውን ስቦ ሲወጣበት ቁም ሳጥኑ ሊወድቅበት ይችላል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ሚስማር አይይዝም፤ በድሪል ተበስቶ በፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዝ ፕላስቲክ) እና በብሎን ይታሰር። ከባድ ዕቃም ከታች ይሁን።