«ተፈታ»፣ «ተለቀቀ» ወይስ «ወጣ»?

አንድ አንባቢ እ.ኤ.አ. በ1983 ለእይታ የበቃውን «ሳይኮ 2» የተባለ ፊልም ታሪክ በአማርኛ አሳጥረው ሲጽፉ አንድ ግስ እንዳስቸገራቸው ገልጸውልኛል። በሪቻርድ ፍራንክሊን አዘጋጅነት የተሠራው ይህ ፊልም፣ ነፍሰ ገዳዩ ኖርማን ቤትስ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል 22 ዓመት ከቆየ በኋላ ወደ ቀድሞ ቤቱ ሲመለስ የሚገጥመውን ይተርካል። ጥያቄያቸው «ከሆስፒታል የተፈታ፣ የተለቀቀ ወይስ የወጣ ሰው ልበል?» የሚል ነው።

«የወጣ» ይበሉ። «ተፈታ» የ«ታሰረ» ጥንድ ነው። ሆኖም የቃሉ ሥር ግዕዙ «ፈትሐ» መሆኑን ጠቅሰው፣ «ፈትሐ» መፍታትንም መፍረድንም ስለሚይዝና «ፍትሕ»፣ «ፍቺ»፣ ለሙታን የሚደረገው «ፍትሐት» ጭምር ከእርሱ ስለተገኙ፣ በዳኛ ትእዛዝ ለሚሰናበት ሕመምተኛ ከ«ተፈታ» የተሻለ ቃል የለም የሚሉ አሉ። በፊልሙም ኖርማንን የሚያሰናብተው ፍርድ ቤት ስለሆነ ክርክራቸው ከሥርወ ቃል አንጻር የሚነቀፍ አይደለም። እኔ ግን አልቀበለውም፤ «ተፈታ» ሲባል ለጆሮዬ የሚቀርበው ወህኒ ቤት፣ አለዚያም ጠበል ቦታ በሰንሰለት ታስሮ የከረመ ሰው እንጂ ታክሞ የተሰናበተ ሕመምተኛ አይደለም።

«ተለቀቀ» ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። በአማርኛ በሽተኛን የሚለቀው በሽታው ነው፤ «ትኩሳቱ ለቀቀው»፣ «ጋኔኑ ለቀቀው» እንላለን። ስለዚህ «የተለቀቀ ሕመምተኛ» ሲባል የለቀቀው ሐኪሙ ይሁን ሕመሙ አይለይም። በዚህ ፊልም ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ኖርማን ከሞተች እናቱ የተላከ የሚመስል ማስታወሻ ከደረሰው ጀምሮ ተመልካቹ «እውነት ድኗል?» እያለ እንዲጨነቅ ነው ታሪኩ የተዋቀረው። «ወጣ»፣ በግዕዙ «ወፅአ»፣ ሰውየው በሩን ማለፉን ብቻ ይነግረናል፤ መዳኑን አይመሰክርም፣ አያስተባብልምም። የአዲስ አበባ ሰውም «አማኑኤል ገባ»፣ «ከአማኑኤል ወጣ» ሲል ይህንኑ ጥንቃቄ ይጠብቃል።

በረቂቅዎ ኖርማንን «እብድ» ብለውታል። ግዕዙ «አብድ» ከሕመም ይልቅ የማስተዋል ጉድለትን የሚነቅፍ ቃል ነበር፤ ዳዊት «ይብል አብድ በልቡ አልቦ እግዚአብሔር» ያለውን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሰነፍ» ብሎ የተረጎመው ለዚህ ነው። («ሰነፍ»ም በተራው ሥራ የሚጠላን ሰው መጥሪያ ሆኖ ቀርቷል።) ነቀፋው እስከ ዛሬ ከቃሉ ስላልወጣ «የአእምሮ ሕመምተኛ» ማለቱን እመርጣለሁ።

ዜና አንባቢውም ፊልም ተርጓሚውም «ተለቀቀ» ማለቱን አጥብቆ እንደያዘ አውቃለሁ፤ ባልወደውም ቃሉ ተለምዷል፣ ስሕተት ነው ልልዎት አልችልም። «ከሆስፒታል ስለተለቀቀ ሰው የሚተርክ፣ በ1983 የተለቀቀ ፊልም» ብሎ ሰውየውንና ፊልሙን በአንድ ግስ ማሰናበትን ግን አደራ ይተዉት።