ትንቢቱ ተፈጽሟል ወይስ ገና ነው? ጥያቄና መልስ

ሳሙኤል፦ መምህር፣ ማቴዎስ 24 ተፈጽሟል?

መምህር፦ የትኛው ቁጥር? ቁጥር ሳትጠቅሱ አትጠይቁ። ቁጥር 2 በ70 ዓ.ም. ቲቶ ቤተ መቅደሱን ሲያፈርስ ተፈጽሟል፤ በዚህ እምብዛም ክርክር የለም። ጠቡ ስለ ሰው ልጅ መምጣት ከሚናገረው ከቁጥር 29 በኋላ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከእኛ ጋር አትቀላቅሉ።)

ቤቲ፦ የዳንኤል 9 ሱባዔስ?

መምህር፦ እሱ ላይ ረጋ እንበል። አንድ ሱባዔ 7 ዓመት ሲቆጠር 70 ሱባዔ 490 ዓመት ነው፤ ኢየሩሳሌምን ለመሥራት ትእዛዝ ከወጣበት እስከ መሲሑ ያሉት 69ኙ 483። መነሻው አከራካሪ ነው፦ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ 7ኛ ዓመት (ዕዝራ 7፣ 457 ቅ.ል.ክ.) ወይም 20ኛው (ነህምያ 2፣ 445 ገደማ)። ከ457 ከተነሣችሁ 27 ዓ.ም. ትደርሳላችሁ። 26 የሚወጣባችሁ ዜሮ ዓመት ያለ እየመሰላችሁ ነው፤ ከ1 ቅ.ል.ክ. ቀጥሎ 1 ዓ.ም. ነው። ከ445 የሚነሡት በተራ ዓመት 39 ላይ ያርፋሉ፤ ጲላጦስ ከይሁዳ ከተነሣ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ዓመቱን 360 ቀን አድርገው 173,880 ቀን ይቆጥራሉ።

ዋናው መለያያ 70ኛው ሱባዔ ነው። ተፈጽሟል ባዮች ሳይቋረጥ ያስኬዱታል፤ በሱባዔው እኩሌታ መሥዋዕት የቀረው በመስቀሉ ነው ይላሉ። ገና ነው ባዮች የመጨረሻውን 7 ዓመት ለሐሳዊ መሲሕ ያቆዩታል። መካከል ላይ የሚያስገቡት ክፍተት ግን ምዕራፉ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም። ተፈጽሟል ባዮችም ቢሆኑ አይፎክሩ፤ ሱባዔው 34 ዓ.ም. ላይ ካለቀ የ70 ዓ.ም. የቤተ መቅደሱ ጥፋት በ36 ዓመት ውጭ ይቀራል።

ዳዊት፦ የዮሐንስ ራእይ 13 አውሬስ? የሮሙ ኔሮን ቄሣር በዕብራይስጥ ፊደል ሲቆጠር 666 ይሆናል።

ናሆም፦ የ2ኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ ራእዩ የታየው ከኔሮን በኋላ በነገሠው በድምጥያኖስ ዘመን ነው ይላል። ኔሮን በ68 ሞቷል!

ዳዊት፦ በ666 ፈንታ 616 የሚል ጥንታዊ ቅጂስ? የላቲኑ «ኔሮ» መጨረሻው ላይ በዕብራይስጥ 50 የሚቆጠረው «ን» የለውም፤ 50 ሲቀነስ ልክ 616።

ናሆም፦ ሙት ላይ ትንቢት አይነገርማ።

መምህር፦ ሁለታችሁም መጽሐፉ የተጻፈበትን ዘመን ሳትወስኑ ስም እየቆጠራችሁ ነው። ከ70 በፊት ካልተጻፈ የዳዊት ነገር ይላላል። በቃ።

ሰላም፦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን...» ተፈጽሟል?

መምህር፦ መዝሙር 68:31፤ በግእዙ 67። ሌላ ቀን።

ሳሙኤል፦ ታዲያ ሁሉም ተፈጽሟል ማለት ይቻላል?

መምህር፦ «ሁሉም» ስትል ምን? ቁጥር ጥቀስ አልኩ እኮ! ከፊሉ ተፈጽሟል የሚሉ ዳግም ምጽአትን ይጠብቃሉ። ሙሉ በሙሉ አልቋል የሚሉት ግን ትንሣኤ ሙታንንም ወደ 70 ዓ.ም. ይወስዱታል። ጳውሎስ ትንሣኤ ሆኗል ያሉትን ሄሜኔዎስንና ፊሊጦስን ምን እንዳላቸው 2ኛ ጢሞቴዎስ 2:17-18 አንብብ፤ ከዚያ ጸሎተ ሃይማኖትን «ዳግመኛም በምስጋና ይመጣል» እስከሚለው ድገምና ተመለስ።