«የራይት ወንድማማቾች» ወይስ «ራይት ወንድማማቾች»?

ጥያቄ፦ በሞተር የሚሠራ አውሮፕላን ያበረሩትን ሁለት አሜሪካውያን አንዱ ጽሑፍ «የራይት ወንድማማቾች»፣ ሌላው «ራይት ወንድማማቾች» ይላቸዋል። የቱ ይሻላል? አንዱን ብቻ ስጠቅስስ «ራይት» ማለት ይበቃል?

መልስ፦ «የ»ን ይተዉት። «የከበደ ወንድሞች» ሲባል ከበደ ራሱ አይቆጠርም፤ «የራይት ወንድማማቾች»ም ራይት የሚባል ሦስተኛ ሰው ያለ ያስመስላል። ጥርት ያለው «ወንድማማቾቹ ዊልበርና ኦርቪል ራይት» ነው፤ ሲያጥር «ራይት ወንድማማቾች»። «እነ ራይት» ለጨዋታ ያምራል፣ ግን «እነ» ወሰን የለውም፤ ሞተሩን የሠራላቸው መካኒክ ቻርሊ ቴይለርም ሊገባበት ይችላል።

«ራይት» ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 «ራይት በረረ» ቢሉ ማንኛው? መጀመሪያ የተነሣው ኦርቪል ነው፣ 12 ሰከንድ ቆየ። በዚያው ቀን 59 ሰከንድ በአየር ላይ ቆይቶ 260 ሜትር ያህል የሄደው ግን ዊልበር ነው። ስለዚህ በራሳቸው ስም ይጥሯቸው፤ ለእኛ ልማድም የሚቀርበው ይኸው ነው።

ትልቁ ወጥመድ ሁለተኛውን ስም የአባት ስም አድርጎ ማንበብ ነው። የወንድማማቾቹ አባት ጳጳስ ሚልተን ራይት ናቸው፤ ራይት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ነው። አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይትማ ይብሳል፦ አባቱ ዊልያም ራይት ሲሆኑ «ሎይድ» የመጣው ከእናቱ ወገን፣ ከሎይድ ጆንስ ቤተሰብ ነው። «ፍራንክ የሎይድ ልጅ» ብሎ የጻፈ ተማሪ በአማርኛ ሕግ ትክክል፣ በሰውየው ታሪክ ስሕተት ነው። ፍራንክና ዊልበር ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1867 ቢወለዱም ወንድማማች አይደሉም። እንግሊዞችም በሞክሼ ስም ይቸገራሉ፤ የ18ኛውን መቶ ዘመን ሠዓሊ ጆሴፍ ራይትን «የደርቢው ራይት» ይሉታል።

ስሙ «ትክክል» ወይም «ቀኝ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሠሪ፣ ባለ እጅ ማለት ነበር፤ በተለይም እንጨት ሠሪ። «ካርትራይት» ጋሪ ሠሪ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው ፊደል ስለማይነበብ «ውራይት» ብለው አይጻፉ። በእንግሊዝኛ የስም ማውጫ ሲፈልጉ ግን ያ የማይሰማው ፊደል ይመለሳል፦ «ራ» ብሎ ስሙን በ«አር» ሥር የፈለገ አያገኘውም፤ በ«ደብልዩ» ሥር ነው ያለው።