ሪቤቱ የሚገኘውም የሚታጣውም ከግዢው በፊት ነው

«ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አንድ ላይ ልንቀይር ነው። መብራት የሚቆጥቡትን ከገዛችሁ ሪቤት (ከዋጋው ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ) አለ ይሉናል፣ እውነት ብሩ እጅ ይገባል ወይስ ማስታወቂያ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ፣ አንዴ አጥቼዋለሁ፣ ሁለቴ አግኝቼዋለሁ። ትንሽ ረዘም ይልብሻል፣ ታገሺኝ።

ብሩ እጅ ይገባል። ግን ነገሩ የሚያልቀው ገና ሱቅ ሳትሄጂ ነው።

ያጣሁትን ላስቀድም። የልብስ ማጠቢያ ነበር። ሻጩ «ይሄ ሪቤት አለው» አለኝ፣ እኔም አመንኩት፣ ገዛሁ፣ ካርቶኑንም በዚያው ቀን ቀዳድጄ ጣልኩት። በኋላ ፎርሙን ልሞላ ስቀመጥ የማሽኔ የሞዴል ቁጥር ሪቤት በሚከፈልባቸው ሞዴሎች ዝርዝር ላይ ካለው በመጨረሻዋ ፊደል ይለያል። በአንዲት ፊደል! ለዓይን ያው ማሽን ነው፣ በሩም ቁልፎቹም አንድ ናቸው። አንዳንዴ ያቺ ፊደል የቀለም ምልክት ብቻ ናት፣ አንዳንዴ ግን ሌላ ማሽን ማለት ናት፣ የኔዋ ሁለተኛዋ ሆነች። ደወልኩ፣ አስረዳሁ፣ ለመንኩ፣ ወይ ፍንክች።

ከዚያ ወዲህ ፍሪጅ ስገዛ በሻጭ አፍ መሄድ አቆምኩ። ሪቤቱን የሚከፍለው አካል ራሱ የሚያወጣው የሞዴሎች ዝርዝር አለ፣ እሱን ስልኬ ላይ ቀኑ እንዲታይ አድርጌ ስክሪንሾት ይዤ ሄድኩ። ሱቅ ውስጥ የፍሪጁን በር ከፍቼ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። ሻጩ ትንሽ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ሌላው፣ ከፋዩ ማን እንደሆነ ለይተሽ እወቂ። አምራቹ ሊሆን ይችላል፣ ሱቁ፣ መብራት የሚያቀርብላችሁ ድርጅት ወይም መንግሥት። ይሄ ለምን ይጠቅማል ካልሽ፣ ኪሳቸው የተለያየ ስለሆነ አንዳንዴ የአምራቹንና የመብራት ድርጅቱን ደርቦ መውሰድ ይቻላል። አንዳንዱ ደግሞ «ሌላ ቅናሽ ከወሰድክ የለህም» ይላል። ማመልከቻው ከግዢ በፊት የሚጸድቅበትም አለ፣ ቀድመሽ ከገዛሽ አለቀ። ቀነ ገደቡም ከደረሰኙ ቀን ነው ወይስ ዕቃው ቤት ገብቶ ከተገጠመበት ቀን የሚለውን ጠይቂ፣ ዕቃው ዘግይቶ ሲመጣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቃጠለው።

ፕሮግራሞቹ ቋሚ እንዳይመስሉሽ። አሜሪካ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሂት ፓምፕ የሚባለውን ማሞቂያና መሰል ነገር ላስገጠመ ሰው ወጪውን በ30 በመቶ ልክ፣ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ፣ ከታክስ የሚቀንስ ሕግ በ2022 ወጥቶ እስከ 2032 ይቆያል ተብሎ ነበር፣ በ2025 መጨረሻ ተዘጋ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) እሱ እንኳ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያን አይጨምርም ነበር፣ ስንቱ ሰው ግን ይጨምራል ብሎ ገዛ። ስለዚህ ያምና ወሬ ይዘሽ አትሂጂ።

አሁን ዋናው፣ ያዋጣል ወይ? እዚህ ላይ ሰው አይስማማኝም፣ እኔ ግን ሪቤት ዕቃ ሊያስመርጥሽ አይገባም ባይ ነኝ። የቁጠባ ምልክት ያለበት ፍሪጅ ቆጣቢ የተባለው ከመጠን አቻዎቹ ጋር ተወዳድሮ ነው። ባለምልክቱ ትልቅ ፍሪጅ ምልክት ከሌለው ትንሽ ፍሪጅ የበለጠ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን ትተሽ በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ የተጻፈውን ቁጥር እዪ። አንዱ 350፣ ሌላው 500 ቢል ልዩነቱ በዓመት 150 ነው፣ ያንን መብራት በምትከፍዪበት ዋጋ አባዢው። ከዚያ ሪቤቱ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን የዋጋ ልዩነት ለዚያ አካፍዪው፣ በስንት ዓመት እንደሚመልስ ይነግርሻል። አሥራ አምስት ዓመት ከመጣ ሪቤቱ ሲያታልልሽ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ዕቃው ላይ የሚለጠፈው የኃይል ቁጠባ የፊደል ደረጃ በ2021 እንደገና ተሠርቶ ሦስት ፕላስ (A+++) የሚባለው ቀርቷልና፣ የድሮ ባለፕላስ ዕቃ በአዲሱ ወደ ታች ወርዶ ብታዪው አትደንግጪ።

ልብስ ማጠቢያው ላይ፣ በሙቅ ውሃ ስታጥቢ አብዛኛውን ኃይል የሚበላው ውሃውን ማሞቁ ነው፣ ሞተሩ አይደለም። በቀዝቃዛ ማጠብ ከለመድሽ ያለምንም ፎርም ግማሹን ሥራ ጨረስሽ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ትልቁ ትርፍ ያለው እናንተ ያልጠየቃችሁት ላይ ነው፣ የውሃ ማሞቂያው ላይ። ሂት ፓምፕ የሚባለው ዓይነት ሙቀት ከአየር እየሳበ ወደ ውሃው ስለሚያስገባ ከተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሁለት ሦስት እጥፍ ይቆጥባል፣ ሪቤቱም ብዙ ጊዜ ከፍሪጁ ይበልጣል። እሱ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ድምፅም አለው፣ መኝታ ቤት ግድግዳ ጥግ አይሆንም።

አሮጌውን ፍሪጅ «ለመጠጥ ይሆናል» ብለሽ ጓዳ እንዳትሰኪው። እኛ ሰካነው። አዲሱ ያዳነልንን አሮጌው ሲበላው ቆይቶ ባለቤቴ ናት ቢሉን አይታ የነቀለችው። ብዙ ቦታ አሮጌውን መጥተው ወስደው ለዚያም ብቻውን ይከፍላሉ፣ ግን ሲወስዱት እየሠራ መሆን አለበት ይላሉና ከመንቀልሽ በፊት ጠይቂ።

ክፍያው ሁሌ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። አንዱ ከሚቀጥለው የመብራት ቢል ላይ ይቀንስልሻል፣ አንዱ ገንዘብ የተሞላበት የመገበያያ ካርድ ይልካል። ካርዱ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ የኔ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ያገኘሁት።

ደረሰኙን በገዛሽበት ዕለት ፎቶ አንሺው፣ ያ ወረቀት ሙቀት ሲነካው ጽሑፉ ይጠፋል። ካርቶኑንም ገንዘቡ እስኪገባ አቆዪው፣ ባርኮዱን ቆርጠሽ ላኪ የሚሉ አሉ። የመረጣችኋቸውን የሞዴል ቁጥሮች እዚህ ብትለጥፊያቸው አብረን እናያቸዋለን።