ግጥም እንዴት ይነበባል? ደብረ ማርቆስ ላይ ለተነሡ ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ላይ ከንባብ ወዳጆች ጋር ተቀምጠን ስለ ግጥም ተጨዋውተናል። ጥያቄው ብዙ ስለነበር መሸብን። ያልደረስኩባቸውን እዚህ እመልሳለሁ። ለማያውቁኝ፦ በልጅነቴ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን አማርኛ አስተምራለሁ።

ግጥም አነባለሁ ግን አይገባኝም። ችግሩ የኔ ነው?

አይደለም። ምናልባት እንደ ዜና እያነበቡት ይሆናል። ግጥም ለጆሮ የተሠራ ነገር ነው። ድምፅ አውጥተው ያንብቡት፤ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ። በመጀመሪያው ቀን ትርጉም አይፈልጉ። የትኛው ቃል አፍዎ ላይ እንደከበደ፣ የት ጋ ትንፋሽ እንደወሰዱ ብቻ ያስተውሉ።

ሰምና ወርቅ ሲባል እሰማለሁ። በምሳሌ ቢያስረዱን?

ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን መጀመሪያ በሰም ይሠራና በጭቃ ይሸፍነዋል። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። በግጥምም ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ነው፤ ወርቁ ውስጡ የተደበቀው። ለዚህ ጥያቄ ብዬ ሁለት ስንኝ ቋጥሬያለሁ፦

ከየኔታ በራፍ ክረምት በጋ ሳይል፣
ደጅ የሚጠና ሰው አንድ ቀን ይማራል።

ሰሙ የቆሎ ተማሪው ነው። መምህሩ ደጅ ታግሶ የቆየ ልጅ ትምህርት ያገኛል። አሁን «የኔታ»ን ፈታ አድርጉት፤ «የኔ ጌታ» ማለት ነው። «ይማራል» ደግሞ «ምሕረት ያገኛል»ም ይሆናል፤ ነፍስ ይማር እንደምንለው። ወርቁ እንግዲህ እግዚአብሔር ደጅ የቆመ ኃጢአተኛ ነው። እንዲህ ሁለት ትርጉም የያዘውን ቃል ኅብር እንለዋለን።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ብዙ ሰው ወርቁን ካገኘ በኋላ ሰሙን ይጥለዋል፤ ግጥሙን እንቆቅልሽ ያደርገዋል። እንደዚያ አይደለም። በራፍ ላይ በብርድ የቆመውን ልጅ ካላያችሁት፣ ምሕረት ለማኙም አይታያችሁም። ሰሙን ቀስ ብላችሁ አጣጥሙት።

ቤት ከመታ ግጥም ነው ማለት ነው?

ቤት መምታት ብቻውን አይበቃም። ከላይ ያለውን በጣትህ ቁጠረው፤ ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን። ከ-የ-ኔ-ታ-በ-ራፍ፣ ስድስት። ክ-ረምት-በ-ጋ-ሳ-ይል፣ ስድስት። ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ይባላል። አምስት በአምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን ነው። አንድ ድምፅ ብትጨምርበት ወዲያው ሲያነክስ ትሰማዋለህ።

ግእዝ ሳልችል ቅኔ ሊገባኝ ይችላል?

በተርጓሚ በኩል፣ አዎ። ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር የቅኔ ዓይነት ጀምሪ፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው። መወድስ ስምንት ስለሆነ ይቆይልሽ።

የቅኔ ተማሪ እንዴት ነው የሚማረው?

ጎጃም ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ያሏት አገር ናት፤ ሦስተኛው ስመ ጥር ቤት ዋድላ ግን ያለው ወሎ ነው። ተማሪው ግስና አገባብ፣ ማለትም የግእዝን ግሦችና ሰዋስው ያጠናል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ማለትም በቃላቸው ይቀኛሉ፤ ምሥጢሩንም ይፈታሉ። ከዚያ ተማሪው የራሱን ይቆጥራል፤ አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል ማለት ነው። ቅኔ ቆጠራ ብቸኝነት ይፈልጋል። እኔ አንዲት ዋርካ ሥር ደበሎዬን ተከናንቤ አጉተመትም ነበር። ማታ የኔታ ፊት እቀርባለሁ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የተሳሳትኩ ጊዜ አይናገሩም፤ ጣታቸውን ብቻ ብድግ ያደርጋሉ። ስሕተቱን ራሴ እስካገኘው ድረስ ጣታቸው አይወርድም። በጆሮ ማንበብን የተማርኩት ከዚያች ጣት ነው።

ደግሞ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ለየዕለቱ አዲስ ይቆጠራል።

ቅኔ የወንድ ብቻ ነው?

ስለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጠይቂ እልሻለሁ። እዚሁ ጎጃም፣ ጽላሎ፣ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ ያስተማሩ ሴት ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ነው የተማሩት፤ በኋላ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን መምህራን አፈሩ። ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን ስም ንገሯት።

አያቴ ሙሾ አውራጅ ናት። እሱም ግጥም ይባላል?

እንዴታ! ሙሾ፣ ቀረርቶ፣ ፉከራ፣ እንጉርጉሮ፣ ሁሉም ግጥም ነው። አያትህ ሰው በተሰበሰበበት፣ እንባ እየተናነቃት፣ ስለሟቹ እዚያው ትገጥማለች። ወረቀት ላይ ቀኑን ሙሉ ሰርዞ የሚደልዝ ገጣሚ ይህን አይችለውም። በጤናዋ ሳለች ቅዳት፤ ስልክህ ይበቃል። ለቅሶ ላይ ግን አትቅዳ፣ ደስ አይልም። ቡና ሲፈላ «እማዬ፣ የእንትናን ጊዜ ምን ብለሽ ነበር?» በላት። ስትጨርስ ስልኩን አትዝጋው። ማን እንደነበረ፣ ያን ቃል ለምን እንደመረጠች ማውራት የምትጀምረው ያኔ ነው።