የንግድ ጋሪዎችህ ወርቅ ያላመጡልህ ለምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የተባለውን የኮምፒውተር የጦር ስልት ጨዋታ አራት ለአራት ስትጫወት ኢምፔሪያል (የመጨረሻው ዘመን) ላይ ወርቅ እያለቀብህ እንደምትሸነፍ ጽፈሃል። 15 የንግድ ጋሪ ሠርተህም የሚያመጡት ወርቅ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነልህም። እኔም በዚሁ ነገር ብዙ ጨዋታ ተሸንፌያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ።

ገበያህ ከታውን ሴንተርህ (ከከተማህ ዋና ሕንፃ) አጠገብ ነው ብለሃል፤ የምትነግደውም ጎንህ ካለው ጓደኛህ ጋር ነው። ችግሩ እዚያ ነው። ጋሪ የሚያመጣው ወርቅ በአንተና በጓደኛህ ገበያ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ወርቁ ከጉዞው ጊዜ በበለጠ ያድጋል። ስለዚህ ሩቅ የሚሄደው ጋሪ በደቂቃ ቢሰላም ይበልጣል። «ቅርብ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል» የሚለው ሐሳብ እኔንም ለረጅም ጊዜ አታሎኛል።

እንደ አረቢያ ባለ ካርታ አራታችሁ በአንድ በኩል ትደረደራላችሁ። ገበያ የግድ ቤትህ ውስጥ መሆን የለበትም። መሀል ላይ ብትሆንም ሁለት ቪሌጀር (ሠራተኛ) ልከህ በአንደኛው ጫፍ፣ ከጓደኛህ ከተማ ጀርባ፣ ጥግ ላይ ሥራው። ከዚያ በሌላኛው ጫፍ ካለው ጓደኛህ ጋር ነግድ። እሱም ገበያውን ወደ ራሱ ጥግ እንዲያስጠጋ ቀድመህ ንገረው። ሁለት ሦስት ገበያ ጎን ለጎን ብትሠራ ጋሪዎቹ ቶሎ ይወጣሉ።

ሌላው ጊዜው ነው። አንድ ጋሪ 100 እንጨትና 50 ወርቅ ይፈጃል፤ 20 ጋሪ 1,000 ወርቅ ማለት ነው። ወርቅህ ካለቀ በኋላ ከጀመርክ ከየት ታመጣለህ? እኔ አንዴ እንጨትና ምግብ እየሸጥኩ ልጀምር ብዬ ነበር። በሸጥኩ ቁጥር ዋጋው እየወረደ ሄደ፤ አምስተኛው ጋሪ ሳይወጣ ከተማዬ ፈረሰ። አሁን ዋናው የወርቅ ክምር ሳያልቅ፣ ካስል ኤጅ (ከኢምፔሪያል በፊት ያለው ዘመን) መጨረሻ ላይ እጀምራለሁ። ካራቫን የተባለውን የገበያ ማሻሻያም ያኔውኑ አስጠናለሁ። 200 ምግብና 200 ወርቅ ነው፤ የጋሪን ፍጥነት 50 በመቶ ይጨምራል። ከዚህ የተሻለ 200 ወርቅ የሚወጣበት ነገር አላውቅም።

ጥበቃውን አትርሳ። ወርቁ የሚገባልህ ጋሪው ወደ ራስህ ገበያ ሲመለስ ነው፤ መንገድ ላይ ከሞተ ጭነቱም አብሮ ይቀራል። አንዴ ፊት ለፊት ስዋጋ ጥቂት ሁሳሮች (ፈጣን ፈረሰኞች) ከኋላ ገብተው 30 ያህል ጋሪ ጨረሱብኝ፤ ጨዋታው እዚያው አበቃ። ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ውጫዊ ጎን በግንብ እዘጋለሁ፤ መሀሉ ላይ ደግሞ አሥር ያህል ሃልበርዲየር (ፈረሰኛን የሚመክቱ እግረኞች) አቆማለሁ። እነሱን ለማሠልጠን የሚፈለገው ምግብና እንጨት ብቻ ስለሆነ ወርቅህን አይነኩም። የኢትዮጵያን ሥልጣኔ የምትይዝ ከሆነ ወደ ፓይክማን (ከሃልበርዲየር በፊት ያለው ደረጃ) የሚደረገው ማሻሻያ በነጻ ነው። (ወታደሮቹ በአማርኛ ሲመልሱልህ መስማትም ደስ ይላል።)

ስንት ጋሪ ይበቃል ላልከው፣ እኔ ከተፈቀደው 200 የሕዝብ ብዛት 40 ያህሉን ለጋሪ እተዋለሁ። የገበያውን መሰብሰቢያ ነጥብ በጓደኛህ ገበያ ላይ አድርገው፤ ጋሪዎቹ እንደወጡ ራሳቸው መንገድ ይጀምራሉ፤ አንተ ዓይንህን ከውጊያው አታነሳም።